«አማረብሽ» ሲባሉ የምደነግጥላቸው

ነርስ ነኝ ስል ሰው ዓይኑን ከኋላዬ ልኮ ሴት ይፈልጋል። ዘመኔን በሙሉ ስሜ ተረስቶ በሁለት ሌላ ስም ስጠራ ኖሬአለሁ፤ ባልደረቦቼ «ብራዘር» ይሉኛል፣ ሕመምተኞቼ «ዶክተር» ይሉኛል። ከጎኔ የቆመችውን ስፔሻሊስት ሐኪም ደግሞ «ሲስተር፣ እስቲ ያንን መጋረጃ ዝጊልኝ» ይሏታል። መጀመሪያ መጀመሪያ አርማቸው ነበር። በኋላ ሰለቸኝና መጋረጃውን ራሴ መዝጋት ጀመርኩ። ባለፈው ክረምት ጡረታ ስወጣ ልጆቹ ኬክ አስቆርሰውኝ «ብራዘር ገመቹ፣ አንድ ነገር ይበሉን እንጂ» ቢሉኝ፣ «ሕመምተኞቹን አደራ» ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ልናገር ይገባኝ የነበረውን ነው አሁን የምጽፈው።

የተወለድኩት ጊምቢ አጠገብ ነው። የመጀመሪያ ምድቤም እዚያው ወለጋ፣ አንዲት ባለ ቆርቆሮ ጤና ጣቢያ ነበረች። ወባ አከምኩ፣ ቁስል አጠብኩ፣ በበቅሎ ተጭና የመጣች እናት አዋለድኩ። ወጣት ስለነበርኩ የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ተዛወርኩና በከተማው ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ገባሁ። እስከ ጡረታዬም ከዚያ አልወጣሁም። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ አንባቢ የሚያውቀውን ደግሞ ማስታወስ ክፋት ነው። አለቆችም ብዙ አሳልፌአለሁ። አንዱ አንሶላ ብቻ ይቆጥር ነበር፣ አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዷ ደግሞ ደግ ሰው ነበረችና ቶሎ ለቀቀች።

በዚያ ክፍል አልጋ ከሚይዙብን ሕመሞች ዋናው የልብ ድካም ነው። ስሙ የዋህ ስለሆነ ሰው ይታለላል፤ ትንሽ አረፍ ቢሉ የሚለቅ ይመስላል። እውነቱ ግን ልብ ደሙን በደንብ መግፋት ሲያቅተው ውኃው ይጠራቀማል። መጀመሪያ እግር ላይ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሆድ ይነፋል፣ በመጨረሻ ሳንባ ውስጥ ይገባና ሰውየው በደረቅ አልጋ ላይ ይሰምጣል። እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው ቀና አድርገህ አስቀምጠህ፣ ኦክስጅን ሰጥተህ፣ መድኃኒቱን ወግተህ ፊቱ ከአመድነት ወደ ሰውነት ሲመለስ ማየት፣ ልንገራችሁ፣ በዚህ ዓለም ካየሁት ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ይህን ስሠራ ኖሬአለሁና እኮራለሁ።

ያስተማሩኝ ሲስተር አስካለ ናቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲመጡ ሐኪሞች ሳይቀሩ ጋዋናቸውን የሚቆልፉላቸው ሴት ነበሩ። ጠዋት ሲገቡ የሕመምተኛውን ፊት አይደለም መጀመሪያ የሚያዩት። ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር ያለውን ጫማ ያያሉ። የጫማው ተረከዝ ተረግጦ ከተኛ ወይም ክሩ እስከ ጫፍ ከተፈታ፣ እግሩ ጫማው አልገባ ብሎታል ማለት ነው። ከዚያ እጃቸውን በሞቀ ውኃ ታጥበው ይመጣሉ። «ቀዝቃዛ እጅ ሰውን ያስዋሻል፤ ቶሎ እንድትሄድለት ደህና ነኝ ይልሃል» ይሉኝ ነበር። አውራ ጣታቸውን ቅልጥም ላይ ጫን አድርገው ይቆያሉ፣ ያነሣሉ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ያያሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ነካ አድርጌ አልፍ ነበርና እጄን ይዘው መልሰው አስቀመጡት። «ደወል አይደለም የምትጫነው» አሉኝ።

ላሲክስ የምንለውን ውኃ አስወጪ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጡ ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። በጥድፊያ ከተወጋ ጆሮ ያስጮኻል፣ አንዳንዴም ይጎዳል። እሳቸው ታዲያ መርፌውን በዝግታ እየገፉ ስለ ቤት ያወራሉ፤ ማን ያበስላል፣ በስንት ትራስ ይተኛሉ፣ ደረጃ አለ ወይ? አንድ ቀን አንዲት ሚስት «ሲስተር፣ ጨው የሚባል ወጡ ውስጥ ጠብ አላደርግም» ብላ ማለች። ሲስተር አስካለ መርፌውን ሳያቆሙ «ሽሮው ሲፈጭ ጨው ነበረበት?» አሏት። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በርበሬውም ሽሮውም ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጨው ተቀላቅሎበታል። እሷ አልዋሸችም፤ ድስቱ ላይ ጨው አልጨመረችም፣ ግን ባልየው በየቀኑ እየበላው ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም ያንን ሳልጠይቅ ሰው ወደ ቤቱ ሸኝቼ አላውቅም። የአልጋው የራስጌ መደገፊያ ሲሰበርብን ደግሞ ወንበር ገልብጠው ከትራሱ ኋላ ይሸጉጡና ሕመምተኛውን ቀና ያደርጉት ነበር። ጥገና ክፍል እስኪመጣ ሰው አይጠብቅም።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

ጋሽ ቶለራ የሚባሉ የገርጂ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የአገሬ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያንም አብረን የምናመልክ። በልብ ድካም ተኝተው ከእኛ ዘንድ ሲወጡ ውኃው ሁሉ ወጥቶ ከስተው፣ ሱሪያቸው በቀበቶ ተሰብስቦ ነበር። መድኃኒታቸውን አስረዳናቸው፣ ስለ ጨው ነገርናቸው። ሚስታቸውም እየመረቀችን ወሰደቻቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ እሑድ በጉባኤ መካከል ምስክርነት ሊሰጡ መድረክ ወጡ። «ወገኖች፣ አጥንቴ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አሁን እዩኝ! ጌታ ሥጋ አለበሰኝ!» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ፣ ሃሌሉያ ተባለ። ከጎኔ ያለው ሰው «እውነትም አማረባቸው» አለኝ። እኔ ያየሁት ጫማቸውን ነበር፤ ተረከዙ ተረግጧል።

አምልኮው እንዳበቃ ሮጬ ያዝኳቸው። «ጋሽ ቶለራ፣ ይህ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው። አሁኑኑ እንሂድ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሚስታቸውም ተቀየመችኝ፤ ሰው ደስ ብሎት በቆመበት ምን አስቦ ነው እንዲህ የሚል ብላ። በእሷ አልፈርድም። ባሏን ከሞት አፍ ተቀብላ በቅቤ፣ በአጥሚት፣ በሥጋ መረቅ ስትንከባከብ ከርማለች። የመጣው ጎረቤት ሁሉ «ወፈሩ፣ ተመቻቸው፣ እጅሽ ይባረክ» ብሏታል። በአገራችን ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ሰው ከታመመ በኋላ ወፈረ ማለት ዳነ ማለት ነው፤ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ነው ያደግነው። ጋሽ ቶለራ «ሰኞ እመጣለሁ» ብለው ሰኞ ቀሩ። የመጡት ረቡዕ ነው፣ በአራት ሰው ተይዘው። ያለንን ሁሉ ሞከርን፣ ሲስተር አስካለ ከአጠገባቸው አልተነሡም፣ አልሆነም። ያን ቀን ምርር ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሲስተር አስካለ ወደ ቤቱ የሚሸኝ አንድ ሕመምተኛ አገኙ። መድኃኒቱን ካስረዱ በኋላ የምታበስልለትን እኅቱን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። «ጎረቤት መጥቶ አማረበት ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። «አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። «አይደለም። ይዘሽው ትመጫለሽ» አሏት። እስኪገባት ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍላችን ደንብ ሆነ፤ እሳቸው ከሄዱም በኋላ ሰው ሁሉ ሳይመልሰው አይወጣም ነበር።

እኔ በኋላ የልብ ክትትል ክፍሉን ስይዝ አንድ ነገር ጨመርኩበት። እብጠት በዓይን ከመታየቱ በፊት ሚዛን ላይ ይታያል። ግን ማን ቤት ሚዛን አለ? መገናኛ ላይ ግን አለ። ታክሲ ተራው ዳር፣ ከካልሲ ሻጩና ከሞባይል ሽፋን ሻጩ መካከል፣ መሬት ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚውሉ ሰዎች አሉ። ሕመምተኞቼን ወደ እነሱ መላክ ጀመርኩ። በጠዋት፣ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ጋቢ አውልቀው፣ ሁልጊዜ አንዱ ሰው ጋ። «ሚዛኑ ልክ ባይሆንስ ብራዘር?» ብላ አንዲት ወጣት ሐኪም ጠየቀችኝ። «ይዋሽ፤ ግን በየቀኑ እኩል ይዋሽ» አልኳት። ሳቀችና በሚቀጥለው ሳምንት እሷም ሕመምተኞቿን ትልክ ጀመር።

እትዬ ዘሀራን ያወቅኳቸው በዚህ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተው፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ከልጃቸው ከሀያት ጋር ይኖራሉ፣ መገናኛ ደግሞ ሻርፕ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ለብዙ ዓመት ያልታከመ የደም ግፊት ልባቸውን አድክሞታል። ሚዛኑ ከሱቃቸው በር ላይ ነበርና እንደ እሳቸው የሚመቸኝ ሕመምተኛ አልነበረኝም። በየጠዋቱ ይወጡበታል፣ ከጨመረ ይደውሉልኛል። «ዶክተር፣ ዛሬ ከበድኩ» ይላሉ። «ዶክተር አይደለሁም እትዬ» እላለሁ። «እሺ ዶክተር» ይላሉ።

ከዚያ ሀያት ታጨች። ሙባረክ የሚባል ከመገናኛ ሰሚት የሚጭን የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ጨዋ ልጅ። እትዬ ዘሀራ ሱቁን ለእኅታቸው ልጅ ትተው ለሠርጉ ዝግጅት ቤት ዋሉ። መደወል አቆሙ፤ እኔም ሥራ በዝቶባቸዋል አልኩ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ ሰሚት ልሄድ የገባሁበት ታክሲ የሙባረክ ሆነና ጋቢና አስቀመጠኝ። ገና ሳንንቀሳቀስ፦

«ዶክተር፣ እትዬን ባየሃት! ዘመዶቿ ከደሴ መጥተው ቤቱ ሞቋል። ወላሂ አማረባት! ጉንጯ ሞላ፣ የሙሽራዋ እኅት ነው የምትመስለው!» አለኝ።

«መኪናውን አዙር» አልኩት።

«እ?»

«ወደ ኢምፔሪያል አዙር ሙባረክ!»

ከኋላ ጩኸት ተነሣ። «ወንድም፣ ኮንትራት ያዝ እንጂ!» አለ አንዱ። «እኛ ሰሚት ነን!» አለች ሌላዋ። ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። ወርጄ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ኢምፔሪያል በሚሄድ ሌላ ታክሲ ገባሁ፤ ሙባረክንም ተሳፋሪዎቹን እንዳደረሰ እንዲመጣ አልኩት።

ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ሴቶቹ ሳሎን ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። እትዬ ዘሀራ ከውስጥ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ፊታቸው በእርግጥ ሞልቶ ያበራል። ሰላምታዬን ሊመልሱ ሲሞክሩ ግን በየሁለት ቃሉ አየር መሳብ ነበረባቸው። የሚተኙት ወንበሩ ላይ እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩና አስፈቅጄ አውራ ጣቴን ቅልጥማቸው ላይ አሳረፍኩ። ሳነሣው ጉድጓዱ ቀረ።

«አውቀዋለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሁሉም... አማረብሽ ሲለኝ... እኔም ዝም አልኩ። እሑድ ነው ኒካው። አሁን ብተኛ... ይበተናል። አባቷ የለም፤ እኔም... ካልኖርኩ ማን አላት? በአላህ ይዤሃለሁ... ለሀያት እንዳትነግራት።»

«እኔ አልነግራትም እትዬ። የእርስዎ ሕመም የእርስዎ ነው። ግን ዛሬ ካልገቡ እሑድን መድረስዎን እጠራጠራለሁ፤ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ እየተከራከርን በሩ ተከፈተና ሀያት ሻይ ይዛ ገባች። ብርድ ልብሱን ለመመለስ ብሞክርም አልደረስኩም። ልጅቷ ቆማ የእናቷን እግር አየች፤ የአውራ ጣቴ ጉድጓድ ገና አልሞላም ነበር። ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«ይኼ ምንድን ነው ኡሚ?»

እትዬ ዘሀራ ብርድ ልብሱን ሊስቡ ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸው።

«ኡሚ፣ እግርሽ ላይ ጣት ተቀርጾ ቀርቷል እኮ!» ብላ ተንበረከከችና ራሷ ጫነችው። ሁለተኛ ጉድጓድ ሆነ። ተነሥታ የእናቷን ሻርፕ ከግድግዳው አወረደች። «ተነሺ። እንግዳው በልቶ ይሄዳል፤ ሙባረክም የትም አይሄድ። ተነሺልኝ።»

ሙባረክ ሚኒባሱን ባዶ ይዞ ደረሰ። ጋቢና ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው፣ እኔ ከኋላ ትከሻቸውን ደገፍኩ። ሆስፒታል እንደገባን ኦክስጅን፣ ከዚያ መርፌው። ተረኛዋ ነርስ ልትወጋ ስትል «ስጪኝ» አልኳት፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በዝግታ ገፋሁ። ሽንቱ መምጣት ሲጀምር የክፍሉ ሰው ሁሉ እንደ ሎተሪ ደስ አለው። የደሴ ዘመዶች መረቅ በፔርሙዝ ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ መለስኩ። አንዲት አክስት «ይኼ ዶክተር ሰውን በረሃብ ነው የሚያክመው?» ብለው ሰደቡኝ።

እትዬ ዘሀራ እየተነፈሱ ነው፣ ግን አላናገሩኝም። ተረኛዋ ሐኪም እሑድ መውጣት እንደማይችሉ ስትነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ሠርጌን አፈረስክብኝ» አሉኝ በመጨረሻ፤ ከማንም ስድብ ይልቅ ይህ አመመኝ። ትራሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሀያት ያዘችኝ።

«ኒካ ድንኳን አይፈልግም» አለችኝ። «ሼህ፣ አጎቴ፣ ምስክሮችና ሙባረክ ናቸው የሚያስፈልጉት። ድግሱ ሲሻላት ይሆናል። አንድ ክፍል ብቻ ስጠኝ።»

አለቃዬን ለማሳመን ስንት ቃል እንዳወጣሁ አልዘረዝርም። እሑድ ጠዋት የነርሶችን የሻይ ክፍል ጠርገን ወንበሮቹን ደረደርን። እትዬ ዘሀራን በተሽከርካሪ ወንበር አስገባኋቸው፤ ኦክስጅኑን እኔ ይዣለሁ። እብጠቱ ወርዶ አጥንታቸው ወጥቷል፣ ሀያት ያመጣችላቸው አዲሱ ልብስም ሰፍቷቸዋል። ያቺ አክስት አይተዋቸው «እንዴት ከሳሽ እናቴ!» ብለው ሊያለቅሱ ሲሉ ሐኪሟ ከበሩ ላይ «ለዚህ ነው የለፋነው!» አለች። እሷም እኔም ደክሞን ነበር፣ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በነጭ ጋዋኔ ኮርቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ እትዬ ዘሀራ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው፤ ድግሱንም በልቻለሁ።

ሼሁ ደጋግ ዓይን ያላቸው አረጋዊ ናቸው። አጎትየውን ጠየቁ፣ ሙባረክን ጠየቁ። ከዚያ ወደ ሀያት ዞረው መህሯን ጠየቋት፤ ሙሽራው የሚሰጣት፣ እሷ ራሷ የምትመርጠው ስጦታ ነው። አጎትየው ቀድመው «ወርቅ ብለናል» ሲሉ ሀያት አንገቷን አቀናች።

«ሚዛን ነው የምፈልገው» አለች። «የሰው መመዘኛ ሚዛን። እናቴ ቤት የሚቀመጥ።»

እትዬ ዘሀራ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ገፋ አድርገው «አንቺ ልጅ ወርቅ በይ እንጂ፣ ከደሴ ድረስ መጥቶ ሰው ምን ይለናል!» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጮኹ። ሙባረክ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጣራ ያያል። እኔ የኦክስጅኑን መለኪያ የማነብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ዓይኔ ሞልቶ ምንም አላነበብኩም።

ሼሁ እጃቸውን አነሡና ሁሉንም ጸጥ አሰኙ። «መህሩ የእሷ ነው፤ ያለችው ይሆናል። ግን ልጄ፣ ለአንቺ ይህ አያንስሽም?» አሏት።

ሀያት የእናቷን እጅ ይዛለች።

«አያንስም ሼህ» አለች። «እናቴ አለችበት።»